ኢንች ይውጣ ወይስ ይቆይ? የንድፍ ሶፍትዌርን በሜትሪክ አዘጋጅቶ የመሥራት መመሪያ

በጎንደር ከተማ በንድፍ ሥራ የሚተዳደር ሰው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት ደንበኛ እየደጋገመ ይመጣበታል። ደንበኛው አዘዞ ወይም ማራኪ አካባቢ ቦታ አለው፤ ገንዘቡን የሚልክለት አሜሪካ የሚኖር ወንድሙ ወይም እህቱ ነው፤ ከገንዘቡ ጋር ደግሞ እዚያው የተገዛ የቤት ፕላን አብሮ ይላካል። «ይህንኑ ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ አውጡልኝ» ይባላል። ፕላኑ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ልኩ ሁሉ በጫማና በኢንች የተጻፈ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ግንበኛው የሚሠራው በሴንቲሜትር ነው፣ ብሎኬቱ 40 በ20 ሴንቲሜትር ሆኖ ይመረታል፣ ፌሮውም «ባለ 8፣ ባለ 12፣ ባለ 16» እየተባለ በሚሊሜትር ይሸጣል።

እኔም በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ አፍሬአለሁ። እንዲህ ባለ ፕላን ላይ ከየመኝታ ክፍሉ በር አጠገብ «2868» የሚል ቁጥር ተጽፎ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ቁጥሩን በሚሊሜትር የተጻፈ ስፋት አድርጎ ወሰደው፤ እኔም ሌላ ሥራ ይዞኝ ስለነበር ሳላጣራ ፈረምኩበት። የበርና የመስኮት ዝርዝሩ ወደ ብረታ ብረት ቤት ከሄደ በኋላ በያጁ ሜትሩን ወለል ላይ ዘርግቶ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ይሄ የመኝታ ቤት በር ነው ወይስ አይሱዙ የሚገባበት?» አለኝ። 2868 በአሜሪካ የግንባታ ልማድ ሁለት ልኮች ተጣብቀው የተጻፉበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች 2 ጫማ ከ8 ኢንች ስፋት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ 6 ጫማ ከ8 ኢንች ቁመት ማለት ናቸው። በእኛ ልክ 81 ሴንቲሜትር በ2 ሜትር ከ3 ሴንቲሜትር የሆነ ተራ በር ነው። ቱቦላሬው ገና አልተቆረጠም ነበርና ነገሩ በእፍረት ብቻ አለፈ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሁሉ «የንድፍ ሶፍትዌሮች ኢንችንና ጫማን ለምን ጨርሰው አይተዉም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ተስማምተው ያርድን በትክክል 0.9144 ሜትር ካደረጉት ወዲህ አንድ ኢንች ያለ ምንም ትርፍ 25.4 ሚሊሜትር ሆኗል። ኢንች ራሱን ችሎ የቆመ መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ለ25.4 ሚሊሜትር የወጣ የቅጽል ስም ሆኗል ማለት ነው። የቅጽል ስሙን ትቶ በዋናው ስም መጥራት ቀላል ይመስላል።

ሆኖም ኢንች ከሶፍትዌር ይሰረዝ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሬቪት የተባለው የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም በማያ ገጹ ላይ ሚሊሜትር ቢያሳይም በውስጡ ርዝመትን የሚያስቀምጠው በጫማ ነው፤ ሌላው የንድፍ ፕሮግራም ስኬችአፕም በውስጡ የሚያስበው በኢንች ነው፤ ንድፉን አትመን የምንልክበት የፒዲኤፍ ፋይልም ቢሆን ገጹን የሚለካው አንድ ኢንች ለ72 ተከፍሎ በሚገኘው ነጥብ ነው። ኢንችን ከምርጫ ዝርዝሩ ላይ ማንሣት ከሥር ያለውን ኢንች አያወጣውም፤ ከዓይናችን ይሰውረዋል እንጂ። ትናንት በኢንች የተሠራ ፋይልም ነገ መከፈቱ አይቀርም።

የሚያጠፋን ስም የሌለው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ወደ ማርስ የተላከችው የአሜሪካ መንኮራኩር የጠፋችው በዚሁ ነው፤ ምድር ላይ ካሉት ሁለት ወገኖች የአንደኛው ፕሮግራም የሞተሮቹን ግፊት በፓውንድ እያሰላ ቁጥሩን ሲሰጥ፣ ተቀባዩ በኒውተን መስሎት ተጠቀመበት፤ በሁለቱ መካከል ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። እኛ ይህን ለመረዳት ማርስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በሁለት ሰዓትና በሁለት ዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነን፤ አውሮፕላን የሚሳፈር ዘመድ «በ2 ሰዓት ነው» ሲለን አፋችን ሳያስበው «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ይላል። ከሶፍትዌር የምፈልገው ይህችን ጥያቄ ብቻ ነው። ሜትሪክ መነሻ ይሁን፤ ኢንችም ይኑር፤ ነገር ግን ፋይል ሲከፈት፣ ሲገባና ሲወጣ ፕሮግራሙ በዝምታ ከመገመት ይልቅ ይጠይቅ። እስኪጠይቅ ድረስ ጠያቂው ነዳፊው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም ጥያቄው የትና እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳያል።

አዲስ ሥራ ሲጀመር

አውቶካድ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም አዲስ ፋይል ሲከፍት ከሚያቀርባቸው መነሻ ቅጾች መካከል ሁለቱ በስም በጣም ይቀራረባሉ፤ «አካድ» የሚለው በኢንች፣ «አካድ አይሶ» የሚለው በሚሊሜትር የተዘጋጀ ነው። «አካድ» በዝርዝሩ ውስጥ ቀድሞ ስለሚታይ የቸኮለ ሰው እሱን ይከፍታል። ስለዚህ ቢሮው የራሱን መነሻ ቅጽ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አዘጋጅቶ ሁሉም ሠራተኛ ከዚያ ብቻ እንዲጀምር ማድረግ ይሻላል። ቅጹን ለማዘጋጀት «አካድ አይሶ»ን ከፍተው «ዩኒትስ» የሚለውን ትእዛዝ ይጻፉ፤ በሚመጣው ሣጥን ውስጥ የርዝመቱን ዓይነት «ዴሲማል»፣ የማስገቢያውን መለኪያ «ሚሊሜትር» ያድርጉ።

እነዚህ ሁለት ምርጫዎች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የመጀመሪያው ቁጥሩ እንዴት እንደሚጻፍ ብቻ ይወስናል። ሁለተኛው በፋይሉ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው፤ ሌላ ንድፍ ወደዚህ ፋይል ሲገባ ፕሮግራሙ የሁለቱን ምልክት አነጻጽሮ ያሳድገዋል ወይም ያሳንሰዋል። ከዚህ ውጭ አውቶካድ 1 ብለው የሠሩት መስመር ሚሊሜትር ይሁን ሜትር አያውቅም። በሜትር ተሠርቶ «ሚሊሜትር» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ፋይል ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ለብቻው ሲታይ ምንም እንከን የለበትም፣ ከሌላ ንድፍ ጋር የተጋጠመ ቀን ግን ሕንፃው የጤፍ ቅንጣት አክሎ ይገኛል።

ቀጥሎ «ሜዠርመንት» የሚለውን መቆጣጠሪያ ወደ 1 ይቀይሩ። ይህ የመሙያ ጥለቶችና የተቆራረጡ መስመሮች ከየትኛው ቤተ መዝገብ እንደሚወሰዱ ይወስናል፤ 0 ላይ ከቀረ ጥለቱ ለኢንች የተሠራ ስለሆነ በሚሊሜትር ንድፍ ላይ ሲሞላ ከመጠን በላይ ይጠባል፣ ግድግዳው ጥቁር ቀለም የተደፋበት ይመስላል። በመጨረሻ የልኬት አጻጻፉን ለ1፡50 እና ለ1፡100 አዘጋጅተው ቅጹን በቢሮው ስም ያስቀምጡ። ንድፉ በሚሊሜትር ይሁን በሜትር የሚለው ክርክር ለእኔ ሁለተኛ ነው፤ ቢሮው አንዱን ይምረጥ፣ ከመረጠም በኋላ አይቀላቅል።

ሬቪት በዚህ ረገድ የተሻለ ጠባይ አለው። «ዩ» እና «ኤን» የሚሉትን ሁለት ፊደላት በተከታታይ ሲጫኑ የመለኪያው ሣጥን ይከፈታል፤ በፈለጉት ጊዜ ቢቀይሩት የሚለወጠው እይታው እንጂ ሕንፃው አይደለም። ችግሩ ከቤተ መዝገቡ የሚመጡት በሮችና መስኮቶች ላይ ነው። በአሜሪካው መነሻ የተጀመረ ፕሮጀክት ወደ ሚሊሜትር ቢቀየር እንኳ በሮቹ 914 በ2134 ሆነው ይቀራሉ፤ ይህ 36 በ84 ኢንች ነው። በንድፍ ላይ 914፣ 2134፣ 610 ወይም 1219 የሚሉ ቁጥሮች ሲበዙ ኢንች ልብሱን ቀይሮ እንደገባ ይወቁ። ስኬችአፕን በተመለከተ ሲጀመር በሚሊሜትር ወይም በሜትር የተዘጋጀውን ቅጽ መምረጥ ይበቃል፤ ከቁጥሩ ጎን የመለኪያውን ምልክት ቢጽፉለትም ራሱ ለውጦ ይቀበላል፣ ይህም ከላይ የተመኘሁት ጠባይ ነው።

የመጣ ፋይል ሲመረመር

ከሌላ ቦታ የመጣን ፋይል በምልክቱ አይመኑ፤ በር ፈልገው ይለኩ። የሰው ልጅ የሚገባበት በር የትም አገር ያው ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። የውስጥ በር ስፋት ሲለካ 32 አካባቢ ከሰጠ ንድፉ በኢንች ነው፤ 2.67 ከሰጠ በጫማ፣ 813 ከሰጠ በሚሊሜትር፣ 81 ከሰጠ በሴንቲሜትር፣ 0.81 ከሰጠ በሜትር ነው። አንድ በር ብቻ ለክተው ግን አይብቃዎት፤ በሩ ከሌላ ፋይል ተገልብጦ የገባ ሊሆን ስለሚችል ከቤቱ ጋር ላይስማማ ይችላል። የአንድ ክፍል ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክተው አጠገቡ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያዩ።

ምን እንደያዙ ካወቁ በኋላ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂ ያውጡና ይለውጡት። ለመለወጥ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኢንች የሚል ትክክለኛ ምልክት የተለጠፈበትን ፋይል ወደ ቢሮው የሚሊሜትር ቅጽ ማስገባት ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ በ25.4 ያሳድገዋል። ሁለተኛው ፋይሉን ከፍቶ ንድፉን በሙሉ መርጦ፣ ከዜሮ ነጥብ ተነሥቶ በ«ስኬል» ትእዛዝ በ25.4 ማሳደግና ምልክቱን ወደ ሚሊሜትር መቀየር ነው። ሁለቱንም መሥራት ግን አይገባም። ሁለቱ ሲደራረቡ ብዜቱ 645.16 ይሆናል፤ 12 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነ መኝታ ቤት 3 ሜትር ከ81 ሴንቲሜትር መሆን ሲገባው ወደ 97 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ይህን ያህል እልፍኝ አፄ ፋሲልም አላሠሩም። እንዲህ ያለው ስሕተት አስቂኝ ስለሆነ ወዲያው ይታያል፤ የሚያስፈራው የማይታየው ነው።

ከማይታዩት አንዱ በእጅ የተጻፈ ልኬት ነው። ነዳፊዎች አንዳንድ ጊዜ መስመሩን ከማስተካከል ይልቅ የልኬቱን ጽሑፍ ሰርዘው የፈለጉትን ቁጥር ይጽፉበታል። ንድፉ ሲያድግ እውነተኛው ልኬት አብሮ ይለወጣል፤ በእጅ የተጻፈው ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ከለውጡ በኋላ እያንዳንዱን ልኬት እየነኩ ጽሑፉ ከመስመሩ የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ አሰልቺ ቢሆንም የማይታለፍ ሥራ ነው።

ሌላው የስፋት ነገር ነው። በእኛ አገር «ካሬ» ሲባል ካሬ ሜትር ማለት ስለሆነ፣ ከአሜሪካ «1,800 ካሬ ነው» ተብሎ የመጣ ቤት ደንበኛውን በጣም ያስደስተዋል። በካሬ ጫማ የተነገረ ነው፤ ለ10.764 ሲካፈል 167 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ለደንበኛው መንገር ያስፈልጋል፤ ክፍያ ከተነጋገሩ በኋላ ሲነገር ነዳፊው ቤቱን የቀነሰበት ይመስለዋል።

ቁጥር መለወጥና ቤት መለወጥ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በትክክል ከተሠራ በእጃችን ያለው በሚሊሜትር የተጻፈ የአሜሪካ ቤት ነው። እዚህ ላይ የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ዋናው ሥራ ግን የሚጀምረው እዚህ ነው።

የአሜሪካ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው የሚቆመው «2 በ4» በሚባል እንጨት ነው። ስሙ 2 በ4 ኢንች ይባል እንጂ የእንጨቱ እውነተኛ ልክ 38 በ89 ሚሊሜትር ነው፤ በሁለቱ ጎን ግማሽ ግማሽ ኢንች የጂፕሰም ሰሌዳ ሲለጠፍበት የግድግዳው ውፍረት ወደ 114 ሚሊሜትር ይመጣል። እኛ የውስጥ ግድግዳን በባለ 15 ብሎኬት ገንብተን በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር ስንለስን 190 ሚሊሜትር እናገኛለን። በአንድ ግድግዳ 76 ሚሊሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ከሳሎን እስከ ጓዳ አራት የውስጥ ግድግዳዎች ካሉ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከየት ይምጣ? ወይ ቤቱ በውጭ ይሰፋል፣ ያኔ ከይዞታው ወሰን ጋር ይጋጫል፤ ወይ ክፍሎቹ ይጠብባሉ፣ ያኔ መታጠቢያ ቤቱ የመጀመሪያው ተጎጂ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ከአሜሪካው ንድፍ መያዝ ያለበት በግድግዳና በግድግዳ መካከል ያለው ነፃ ስፋት ነው፤ ግድግዳው ራሱ በእኛው ውፍረት እንደ አዲስ ይሣላል።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ማጠጋጋት ይመጣል። 3810 ሚሊሜትር የሆነ ክፍል ለግንበኛው ምንም ትርጉም የለውም፤ ብሎኬቱ 400 ስለሆነ ግማሹን ጨምሮ በ200 እየተቆጠረ ቢሄድ 3800 ላይ ያርፋል፣ ብዙ ብሎኬትም አይሰበርም። የማጠጋጊያው አቅጣጫ ግን እንደ ነገሩ ነው። ሰው የሚያልፍበት በርና ኮሪደር፣ አልጋና ቁምሳጥን የሚገባበት ቦታ ወደ ላይ ይጠጋጋ፤ የውስጥ በርን ከ813 ወደ 800 ከማውረድ ወደ 850 ወይም 900 ማውጣት ይሻላል።

በመዋቅር ላይ ግን በስሜት የሚጠጋጋ ነገር የለም። የአሜሪካ ፌሮ በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ የኢንች ስምንተኛ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ ቁጥር 4 ማለት አራት ስምንተኛ፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ነው። ለእሱ የሚቀርበው ባለ 12 ፌሮ ነውና ብዙዎች ያለ ሐሳብ ይተኩታል። የብረት ጉልበት ያለው በቆረጣ ስፋቱ ላይ ነው፤ የቁጥር 4 ስፋት 129 ካሬ ሚሊሜትር ሆኖ ሲቆጠር የባለ 12 ፌሮ 113 ብቻ ነው። በቁጥር አንድ ለአንድ የተካ ሰው ከ10 በመቶ በላይ ብረት ከምሰሶውና ከሶሌታው ወስዷል። ቁጥር 5 ደግሞ 15.9 ሚሊሜትር ስለሆነ በባለ 16 ቢተካ ምንም አይጎድልበትም። እንዲሁም «3,000 ፒኤስአይ»፣ ማለትም በካሬ ኢንች 3,000 ፓውንድ የሚችል ተብሎ የተጻፈው ኮንክሪት በሜትሪኩ የጥንካሬ መለኪያ 20.7 ሜጋፓስካል ነው፤ ይህን አይቶ «ከሲ 25 ያነሰ ነው» ማለት አይገባም፣ ምክንያቱም አሜሪካኖች ጥንካሬውን ለመፈተን የሚሰብሩት የሲሊንደር ቅርጽ ያለው ናሙና ሲሆን በተለምዶ ሲ 25 የምንለው በኪዩብ የተፈተነ ነው፤ ሁለቱ ከሞላ ጎደል ይተካከላሉ። ይህን የምጽፈው የመጣው መዋቅር በመለኪያ ቅያሪ ብቻ ይሠራበት ለማለት አይደለም። የብሎኬትና የአርማታ ቤት ክብደት የእንጨት ቤትን ክብደት ስለማይመስል መዋቅሩን ኢንጂነር ከመሠረቱ እንደ አዲስ ያስላው።

ኢንች የሚቆይበት ቦታ

ቧንቧ ወደ ሚሊሜትር አይለወጥ። የቧንቧ ሠራተኛ «ባለ ግማሽ» ሲል የስም ልክ መናገሩ ነው፤ 12.7 ሚሊሜትር ብሎ መጻፍ ሱቅ የሌለ ዕቃ ማዘዝ ይሆናል። የግማሽ ኢንች ጥርስ በውጭ ሲለካ ወደ 21 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ በሜትሪክ ስሙ «ዲኤን 15» ይባላል። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ በውጭ ዲያሜትሩ ስለሚጠራ ባለ 20ው ከግማሽ ኢንች፣ ባለ 25ቱ ከሦስት አራተኛ፣ ባለ 32ቱ ከአንድ ኢንች መገጣጠሚያ ጋር ይጋባል። በንድፍ ላይ ሁለቱም ስም ጎን ለጎን ይጻፍ። ኢንችን ከዓለም እናጥፋ የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ፈትተው ቢያዩ ጥሩ ነበር።

ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሴንቲሜትር ሆነው የሚሸጡት 4 በ8 ጫማ ስለሆኑ ነው። አናጢው ይህን ባያውቅም ችግር የለበትም፤ ነዳፊው ግን ቁምሳጥኑን በ120 እና በ240 ቢከፍለው ለመጋዝ ብናኝ ቦታ ይተርፈዋል። የጣሪያ ቆርቆሮ በጌጅ ይጠራል፤ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ስለሚሳሳ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል፤ በዝርዝሩ ላይ ጌጁን ጽፎ ውፍረቱን በሚሊሜትር ማከል ከክርክር ያድናል። ለሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የሚላከው ኤስቲኤል የተባለው ፋይል ደግሞ ጭራሽ መለኪያ አይዝም፤ የተሠራበትን መለኪያ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ፣ አለበለዚያ በኢንች የተሠራ የጎንደር ቤተ መንግሥት ሞዴል 25.4 ጊዜ አንሶ ይወጣል።

የቦታ ልኬት

ከቀያሽ በሚመጣ ፋይል ላይ አንድ ስውር ነገር አለ። የሲቪል ሥራ ሶፍትዌሮች ሁለት ዓይነት ጫማ ያቀርባሉ፤ አንዱ 0.3048 ሜትር የሆነው ዓለም አቀፉ ጫማ ሲሆን፣ ሌላው 1200 ለ3937 ተካፍሎ የሚገኘው የአሜሪካ የቅየሳ ጫማ ነው። የሁለቱ ልዩነት ከሚሊዮን ሁለት እጅ ብቻ ስለሆነ አጥር ሲለካ አይታወቅም። አሜሪካኖች ራሳቸው የቅየሳውን ጫማ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ትተውታል፤ በሶፍትዌሮቹ ዝርዝር ውስጥ ግን አለ።

ጎንደር ዩቲኤም በሚባለው በሜትር የሚቆጠር የካርታ መረብ 37ኛ ክልል ውስጥ ናት፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያላት ርቀት ወደ 1,393,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፋይሉ መንገድ ላይ በአንደኛው ጫማ ወጥቶ በሌላኛው ከገባ ይህ ትልቅ ቁጥር በሚሊዮን ሁለት እጅ ይሳሳታል፤ ቦታው በሙሉ ወደ 2.8 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሸሻል። የቦታው ቅርጽና ስፋት እንዳለ ስለሚቆይ በዓይን የሚያዝ ነገር የለም፤ የሚታወቀው የጎረቤት አጥር ላይ ችካል የተተከለ ቀን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የኢትዮጵያ ፋይል በጫማ የሚያልፍበት ምክንያት ስለሌለ በወጪውም በገቢውም ሣጥን ውስጥ ሜትር መመረጡን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ኮኦርዲኔቱ በጽሑፍ የታወቀ አንድ ችካል ፈልገው በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ከጽሑፉ ጋር ያመሳክሩ።

ወረቀት ላይ ሲወጣ

የአሜሪካ ፕላን ሩብ ኢንች ለአንድ ጫማ በሚል ምጥጥን ይታተማል፤ ይህ 1፡48 ነው። ለ1፡50 በጣም ስለሚቀርብ ሰው በለመደው የ1፡50 ማስመሪያ ይለካዋል፤ ያኔ በእውነት 5 ሜትር የሆነ ክፍል 5 ሜትር ከ21 ሴንቲሜትር ሆኖ ይነበባል። የታተመ የአሜሪካ ፕላን ላይ ማስመሪያ አይቀመጥ፤ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ይነበብ።

የራሳችንን ንድፍ ስናትም ደግሞ ማተሚያው ላይ የተመረጠው ወረቀት ኤ4 ወይም ኤ3 መሆኑን፣ «ሌተር» የሚባለው የአሜሪካ ወረቀት አለመሆኑን እንይ፤ ሌተር 216 በ279፣ ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። ማተሚያ ቤቱ ፒዲኤፉን «ከገጹ ጋር አስማማ» በሚለው ምርጫ ካተመው ንድፉ ጥቂት ያንሳል። በዚህ ምክንያት እኔ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ፣ ከርእስ ሣጥኑ አጠገብ፣ በወረቀቱ ላይ ልክ 100 ሚሊሜትር የሚሆን መስመር እሠራለሁ፤ ከሥሩም «ይህ መስመር 100 ሚሊሜትር ካልሆነ ከዚህ ወረቀት ላይ አይለካ፤ ልኮች ሁሉ በሚሊሜትር ናቸው» ብዬ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ወጣቱ ረዳቴ ማስመሪያውን ያስቀምጥበታል። 97 ወይም 94 ካለ ፎርማኑ እጅ ሳይገባ ተመልሶ ይታተማል።